የደጋ አየርና የቆላ አየር፤ የቤታችንም ጢስ

በአገራችን ሰው ታሞ ሕመሙ ሲጠናበት ዘመድና ወዳጅ ተሰብስቦ አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር «አየር ይለውጥ» የሚል ነው። አየር ይለውጥ ሲባልም፣ ወደ ፍል ውኃ ለመውረድ ካልሆነ በቀር፣ ቆለኛው ወደ ደጋ ይወጣል እንጂ ደገኛው ወደ ቆላ ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይታይም። የደጋ አየር ጤና ነው፣ የቆላ አየር በሽታ ነው የሚለው ቃል ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ፣ ዛሬ እንደ ተቈረጠ ሕግ ሆኖ ይጠቀሳል። እኔ ግን የፍርድ ቤት ጸሓፊ ሆኜ መዝገብ ሳገላብጥ የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ምስክር ሳይሰማ በተከሳሽ ላይ መፍረድ እንደማይገባ ሥራዬ አስተምሮኛል። ስለዚህ የእነዚህን የሁለቱን አየሮች ነገር በቤተ ሰባችን ላይ ከደረሰው ጋራ አያይዤ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ባቀርበው፣ ልጆች ለሚያሳድጉ አባቶችና እናቶች ይጠቅም ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

መኖሪያችን በይፋት ቆላ፣ በጀውሃ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚመጣ ሰው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ 2,800 ሜትር ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ደብረ ብርሃንን ያገኛል። ከዚያም ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚሆነው ወደ ጣርማ በር ይወጣና ጣልያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላው መውረድ ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጀውሃም ከዚያ አልፎ በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛል። መንገደኛው በጣርማ በር የደረበውን ጋቢ በሮቢት አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በአንድ ቀን፣ እንዲያውም በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ፣ ሰው ከውርጭ አገር ወደ ማሽላ አገር ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው ስለ ደጋና ስለ ቆላ አየር ሲከራከር ቢውል የሚያስደንቅ አይደለም።

አስቀድሞ በቆላው አየር ላይ የቀረበውን ክስ እንመልከት። ክሱ ንዳድ ያመጣል የሚል ነው። ይህንም የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። ጣልያኖች በሽታውን ማላሪያ ብለው የሰየሙት በቋንቋቸው ክፉ አየር ማለታቸው ነው፤ ከረግረግ የሚነሣው ሽታ ሰውን የሚያነድ ይመስላቸው ነበርና። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. ሮናልድ ሮስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በህንድ አገር የወባን ተሐዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው፤ በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታመላልሰው ትንኝ እንደ ሆነችም ከዚያ ወዲህ ተረጋገጠ። በአገራችንም በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ወባ ከቆላ አልፎ እስከ 2,000 ሜትር ወዳለው ወይና ደጋ ወጥቶ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። በዚያ ዓመት የቆላ አየር ተነሥቶ ወደ ደጋ አልወጣም፤ ዝናቡና ሙቀቱ ለትንኟ ስለ ተስማማት እርስዋ ወጣች እንጂ። እንግዲህ የቆላው አየር በዚህ ክስ ነጻ ነው፤ ወንጀለኛዋ በአጎበርና ያቈረ ውኃን በማፍሰስ የምትከለከል ትንኝ ናት።

ይህን ስል ቆላችን ነቀፋ የለበትም ማለቴ አይደለም። በበጋ ከአዋሽ ሜዳ በኩል የሚነሣው ነፋስ አቧራውን ከመሬት አንሥቶ ዐይንና ጉሮሮ ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ሕፃንና ሽማግሌን ያደክማል፤ የማሽላ አገዳ ሲቃጠልና ከሰል ሲከሰል ደግሞ ጢሱ በመንደሩ ላይ ያንዣብባል። ነገር ግን መሬቱ በቀን ስለሚግል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ጢሱንም ይዞ ይበትነዋል። ቤቱም ለሙቀት ሲባል ክፍት ነው፤ ብዙው ሰው እሳቱን የሚያነደው በደጅ ወይም ግድግዳው ባልተመረገ ማድቤት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ነገር ልምጣ። ታናሺቱ ልጃችን አምስት ዓመት ሲሆናት፣ ያን ዓመት በመንደራችን ወባ በርትቶ ስለ ነበረ፣ አማቴ ከአዲስ አበባ መልእክት ላኩብን። የእርሳቸው ቤት ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው፤ የሚመጣላቸው ነፋስ ከዛፍ መካከል የሚወርድ ስለ ሆነ በአየራቸው እጅግ ይመካሉ። መልእክታቸውም «ልጅቱን ከዚያ ከንዳድ አገር አውጡልኝ፤ ክረምቱንና መጸውን እኔ ዘንድ ትክረም፤ በጥር ትመለስላችኋለች» የሚል ነበር። በቆላ ወባ የሚበረታው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለ ሆነ፣ ምክራቸው መልካም ነበር፤ ባለቤቴም ደስ አላት። በሰኔ መጨረሻ ልጅቱን ወስጄ ለአያትዋ አስረከብሁ። በዚያው ቤት ለትምህርት የተቀመጠች ታላቅ እኅትዋም ነበረች።

ሐምሌ ሳይጋመስ ልጅቱ ታስል ጀመር። ነሐሴ ላይ ሌሊት ትንፋሽ እያጠራት ትነቃለች ተባልን። በቆላ ሳለች ሳል አታውቅም ነበር። አማቴ ብርዱ ነው ብለው ልብስ ደረቡላት፤ በመኝታ ቤቱም የከሰል ምድጃ ጨመሩ። ሐኪም ዘንድ በተወሰደች ጊዜ ሐኪሙ ደረትዋን ካዳመጠ በኋላ የጠየቀው ነገር ሁሉንም አስገረመ፤ ምን ትበላለች ሳይል፣ ወጥ ቤቱ ከመኝታው ምን ያህል ይርቃል፣ እንጀራስ በምን ይጋገራል ብሎ ጠየቀ።

ይህ ወሬ በደረሰኝ ጊዜ ለታላቂቱ ልጄ አንድ ደብተር ላክሁላት። በየማታው አራት ነገር ብቻ እንድትጽፍ አዘዝኋት፤ ሰማዩ እንዴት እንደ ዋለ፣ ነፋስ እንደ ነበረና እንዳልነበረ፣ እሳቱ በስንት ሰዓት እንደ ነደደ፣ እኅትዋም ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች። መዝገብ አይዋሽም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሰው የሚረሳውን ይዞ ይቈያል። ደብተሩን በኋላ ስናነበው በክረምት ልጅቱ የምትታመመው ዝናብ ስለ ዘነበ ሳይሆን፣ በዝናቡ ምክንያት በርና መስኮት ተዘግቶ በረጠበ እንጨት እንጀራ በተጋገረበት ቀን ማታ ሆኖ ተገኘ። ዝናቡ ሲያባራና ነፋስ ሲነሣ ሌሊቱ ይሻላታል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ይለቃታል ብለን ስንጠብቅ፣ በኅዳር ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ አሁን የሚጠናባት ጧት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሆነ፤ ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ እንደ ማናቸውም ልጅ ስትጫወት ትውላለች።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት የከተማይቱን አቀማመጥ ማስተዋል ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ነገር ግን ከፍ ያለች መሆንዋ ከተራራ በላይ ናት ማለት አይደለም። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ከበዋታል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አስቀድመው በእንጦጦ ራስ ላይ ከትመው ነበር፤ ብርዱና ነፋሱ፣ የማገዶውም እጥረት አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱ ከታች ተቈረቈረች። ከነፋሳም ራስ ወደ ተከለለ ጐድጓዳ መውረድ በዚያ ዘመን ምቾት ነበር። ማገዶው ግን እንደ ገና አለቀና ከተማው ሊፈልስ ሲል ባሕር ዛፍ መጥቶ አዳነው። እንግዲህ ከተማይቱ የቆመችው በማገዶ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ የማገዶ ልጅ ደግሞ ጢስ ነው።

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ መሬት የቀኑን ሙቀት ወደ ላይ ትሰድና ትቀዘቅዛለች። ከእርስዋ ጋራ የተነካካው አየርም ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውኃ ከእንጦጦ ገደል በወንዞቹ ሸለቆ እየተንሸራተተ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ይወርዳል፤ እዚያም ይተኛል። ከበላዩ ያለው አየር ግን ገና ሞቅ ያለ ነው። ሞቃቱ በላይ፣ ቀዝቃዛው በታች በሆነ ጊዜ፣ ሞቃቱ እንደ ምጣድ አክንባሎ ሆኖ ይከድናል። ጧት በየቤቱ እሳት ሲነድና መኪናው ሁሉ ሲነሣ፣ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ከክዳኑ ጋራ ይጋጭና ወደ ጐን ይተኛል። ፀሓይ መሬቱን አሙቃ ያን ክዳን እስክትከፍተው ድረስ፣ ማለት እስከ ቀኑ 3 ወይም 4 ሰዓት ድረስ፣ ሕዝቡ በአክንባሎ ሥር ይተነፍሳል። የልጄ ደብተር የመሰከረው ይህን ነበር።

ክረምትስ ያጥባል ይባል የለምን? ዝናብ አቧራን በእውነት ያጥባል። ነገር ግን የጢስ ደቂቅ ብናኝ እንደ አቧራ በዝናብ በቀላሉ አይወርድም። ደመናው ፀሓይን ስለሚጋርድ አየሩ በቀን እንኳ ከፍ ብሎ አይደባለቅም፤ ብርዱ እሳት ያስበዛል፤ እርጥብ እንጨት ጢስ ያበዛል፤ በሩም ይዘጋል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በአዲስ አበባ በመለኪያ መሣሪያ ደቂቁን ብናኝ የመረመሩ ሊቃውንት የክረምት ወራት ከበጋው ንጹሕ አለመሆኑን፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ብሶ መገኘቱን ጽፈዋል። ሰው በዐይኑ ሲያየው የታጠበ የሚመስለው ሰማይ በሳንባ ሲመዘን ሌላ ነው።

ከፍታው ራሱም ድርሻ አለው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሰው ሥጋ ከአራት ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እንደ ተሠራ ተምሬአለሁ። በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራችን የበራ ሻማ በብርጭቆ ከድኖ ሲጠፋ አሳየንና፣ እሳትም እንደ ሰው አየር ካላገኘ እንደማይኖር አስረዳን። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰውም እሳትም ሞተርም በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ ወይዛዝርት የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ በደጋ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስልም። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ያንኑ ንፍሮ ለመቀቀል ደገኛዋ ከቆለኛዋ ይልቅ ብዙ ጊዜ እሳት ታነዳለች፤ ብዙ ጢስም ትተነፍሳለች። በደብረ ብርሃን በኩል ደግሞ እንጨት ስለሚያንስ የሚነደው ኩበት ነው፤ የኩበት ጢስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያልቀመሰው የለም።

በዚህ ላይ አንድ የከተማይቱ ልማድ ይታሰበኛል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በዓለም ሁሉ የተዛመተው የጉንፋን ወረርሽኝ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው በእግዚአብሔር ቸርነት ድነዋል። ያን መከራ ለማሰብና ሰፈሩን ከበሽታ ለማንጻት በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በሚካኤል በዓል፣ ጥራጊው ሁሉ በየደጁ ተከምሮ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ይህ ነው። አሳቡ ክቡር ነው፤ ቤትንና ሰፈርን መጥረግም ቅዱስ ሥራ ነው። ነገር ግን ኅዳር አክንባሎው በከተማይቱ ላይ የሚከደንበት ወር ነው። በአባቶቻችን ዘመን የሚቃጠለው ቅጠልና ገለባ ነበር፤ ዛሬ ላስቲክና ጎማ ተጨምሮበታል። በሽታን ለማባረር የተነሣው ጢስ በዚያ ክዳን ሥር አድሮ ሌላ በሽታ ይሆናል። በደብተሩ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ሌሊት የተጻፈው በዚያች ቀን ነው፤ ታላቂቱ ልጄ «ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ አደረች» ብላ ብቻ ጽፋለች።

አማቴ ይህ ሁሉ ሲነገራቸው አላመኑም። «እኔ ስድሳ ዓመት በዚህ ጢስ ኖሬአለሁ፤ አሳደገን እንጂ አልገደለንም» አሉ። ይህን ሲሉም ይስሉ ነበር፤ የእርሳቸውን ሳል ግን ማንም ቈጥሮት አያውቅም። ዐይናቸውም ሁልጊዜ ያለቅሳል፤ እርሳቸው ግን ይህን የሽምግልና ነው ይላሉ። በጕዳዩ ልከራከራቸው አልወደድሁም፤ አማት ከአማች ጋራ በክርክር አትረታምና። ለኅዳር ጽዮን በዓል ወደ አዲስ አበባ ወጥቼ ነበርና፣ በኅዳር 21 ሌሊት አብረን ወደ እንጦጦ ማርያም ሄድን። ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ ገና ፀሓይ ስትወጣ ነበር። ከተራራው ራስ ሆነን ወደ ታች ስንመለከት ከተማይቱ አልታየችም። ግራጫ ጢስ እንደ ተዘረጋ ጋቢ ከዳር እስከ ዳር ተኝቶ ነበር፤ ላይኛው ጠርዙ በገመድ የተለካ ይመስላል። ከእርሱ በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ከእርሱ በታች ሁሉም ደብዛዛ ነበር። ከሥራችን ካሉት ሰፈሮች ቀጫጭን ጢሶች ወደ ላይ እየወጡ ያን ጠርዝ ሲነኩ ይታጠፋሉ።

አማቴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ቤቴ የቱ ጋራ ነው?» ብለው ጠየቁ። አሳየኋቸው፤ ከግራጫው በታች ነበር። «ይህ ሁሉ ከእኛ ቤት የወጣ ነውን?» አሉ። «ከእኛም ከጎረቤትም ነው፣ እማማ፤ የመኪናውና የፋብሪካውም አለበት» አልኋቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ ስለዚህ ነገር አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን አናጢ አስጠሩ።

ወጥ ቤቱ ከመኝታ ክፍሉ ተለይቶ በግቢው ዳር፣ ነፋስ ከቤቱ ወደ ውጭ በሚወስድበት በኩል እንደ ገና ተሠራ። ጢሱን ከጣራ በላይ የሚያወጣ ረዥም ቱቦ ተተከለለት። ክፍት በነበረው ጉልቻ ፈንታ ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ገባ፤ ይህ ምድጃ እሳቱን ስለሚሰበስብ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። መብራት ባለ ቀን በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል። የመጋገሪያውም ሰዓት ከንጋት ወደ ቀኑ 5 ሰዓት ተዛወረ፤ በዚያን ጊዜ ክዳኑ ተከፍቶ ጢሱ መንገድ ያገኛልና። የከሰሉ ምድጃ ከመኝታ ቤት ወጣ። የልጅቱ ሳል በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ነገር ግን በታኅሣሥ መጨረሻ በደብተሩ ላይ «ደኅና አደረች» የሚለው ቃል በተከታታይ ይታይ ጀመር። በጥር ወደ ጀውሃ ስትመለስ አጎበር ይዛ ወረደች፤ አያትዋ የገዙላት ነው። አሁን በየዓመቱ ወባ በሚበረታበት ወራት ትወጣለች፤ በጥር ትወርዳለች፤ በአማቴና በእኛ መካከል ስለ አየር የነበረው ክርክርም ቀርቷል። የአማቴም ሳል ቀንሷል፤ እርሳቸው ግን ምስጋናውን ለጠበል ይሰጣሉ፤ እኛም አንከራከራቸውም።

የእኛ ነገር የአንድ ቤት ነገር ነው፤ የዓለሙ ግን እጅግ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ፣ ከእነርሱም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት እንደ ሆኑ ገምቷል። ይኸው ድርጅት በ2014 ዓ.ም. በመስከረም ወር ባወጣው መመሪያ፣ ከጠጕር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንሰው ደቂቅ ብናኝ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ልክ 10 ነበር። በአዲስ አበባ የተለካው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ታላላቅ ከተማዎችም ይህን መከራ ቀምሰዋል። ሎንዶን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር እንደ እኛው ያለ ክዳን ለአምስት ቀን ተከድኖባት፣ የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጕም ጋራ ተደባልቆ ብዙ ሺህ ሰው ገደለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ መንግሥቱ የንጹሕ አየር ሕግ አወጣ። በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በተራሮች የተከበበችው ሜክሲኮ ከተማም በአቀማመጥ የአዲስ አበባ እኅት ናት፤ በበጋዋ ጧት የሚደርስባትም ተመሳሳይ ነው። ተራራን ማንሣት የሚችል መንግሥት የለም፤ ከተራራው ሥር የሚጤሰውን መቀነስ ግን ይቻላል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ወደዚህ የሚመራ አንድ እርምጃ ነው።

ስለዚህ ለቤት ጌቶችና ለእመቤቶች በትሕትና የማሳስበው ይህን ነው። አየር ከመለወጥ በፊት ምድጃ ይለወጥ። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ እሳት ከሚነድበት ክፍል ይራቁ። በበጋ ወራት ብዙ የሚጤስ ሥራ ፀሓይ ከፍ እስክትል ይቈይ፤ በክረምት እንጨቱ ከዝናቡ በፊት ተፈልጦ ከጣራ በታች ይድረቅ። ይልቁንም ከሰል በተዘጋ ቤት አይደር። የከሰል መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ በብርድ ሌሊት ምድጃ አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ቤተ ሰቦች ጧት ሳይነሡ የቀሩበት ጊዜ በአገራችን ደጋዎች ብዙ ነው። የቡና ከሰልም በደጅ ተቀጣጥሎ፣ መስኮት ተከፍቶ ይግባ። ዕጣንና ወይራ የባህላችን ጌጥ ናቸው፤ ሳንባ ግን የጢስን ክብር አይለይምና በልክ ይሁኑ። በኅዳር 12 ቀንም ሰፈሩ ይጠረግ፤ ጥራጊው ግን ተሰብስቦ ይወሰድ እንጂ ላስቲኩና ጎማው በልጆች መካከል አይቃጠል።

ሹማምንትም ይህን ነገር የሴቶችና የወጥ ቤት ጕዳይ ብቻ አድርገው እንዳያልፉት እለምናለሁ። ደብረ ብርሃንን የመሰሉ የደጋ ከተማዎች ዛሬ ፋብሪካ እየተከሉ በፍጥነት ያድጋሉ። ነፋሱ ከወዴት እንደሚነሣ፣ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት በየትኛው ሸለቆ እንደሚወርድ ሳይጠየቅ ጭስ ማውጫ ቢቆም፣ ፍርዱ በልጆች ላይ ይፈጸማል። ቦታ ሲመራ የውኃው መውረጃ እንደሚጠየቅ ሁሉ የአየሩም መውረጃ ይጠየቅ።

ሕዝባችን «ከራስ በላይ ነፋስ» ይላል። ተረቱ ሰው አስቀድሞ ለራሱ ያስብ ለማለት የተነገረ ነው። ነፋስ ግን የማንም ርስት ስላልሆነ፣ ከእኔ ምድጃ የወጣው በጎረቤቴ ልጅ ደረት፣ ከጎረቤቴም የወጣው በእኔ ልጅ ደረት ያድራል። ለራሱ ልጅ ትንፋሽ የሚያስብ ሰው ሳያውቀው ለሰፈሩ ሁሉ አስቦአል፤ ምድጃውንም ዛሬ ከኅዳር በፊት ቢያበጅ መልካም ነው።